ሰባት ያልተጻፈባቸው ምሰሶዎች

ጥር 6

ጠዋት ስወጣ የበራችን ደረጃ ዛሬም አደናቀፈኝ። ጠርዙ ተሸራርፎ ካለቀ ቆየ። እማዬ ከውስጥ ሰምታ "ለሰው ፎቅ ያቆማል፣ የገዛ ደረጃውን ግን…" ብላ ጀመረች። አባዬ ጫማውን እያሰረ "እሁድ እሠራዋለሁ" አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ እሁድ አልመጣም መሰለኝ።

አብረን ሥራ ገባን። እሱ ፎርማን፣ እኔ ጥራት ተቆጣጣሪ መሐንዲስ። የትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ምሰሶዎች አርማታ የሚሞላበት ቀን ነበር። እኔ ግን አላየሁም… ሻለቃው በማለዳ አሸዋ እንድመርጥ ወንዝ ድረስ ላከኝ። ድርጅቱ የሱ ነው፣ ማን እምቢ ይላል? በጦርነቱ የአባዬ አዛዥ ነበር። ዛሬም "አሥር አለቃዬ" ነው የሚለው።

ስመለስ አሥራ አንዱም ምሰሶ ተሞልቶ አልቋል። ጥንካሬው እንዲፈተሽ ለላብራቶሪ የሚሄዱት ስድስት የናሙና ኩቦችም ተደርድረዋል።

"ከምሰሶዎቹ አርማታ ነው የተወሰደው?" አልኩት።

"ከዚያው ነዋ።" እጁን እየታጠበ ነበር። ቀና አላለም።

ቅጹን አውጥቼ "በፊቴ ተሞላ" የሚለው መስመር ላይ ፈረምኩ። አባቴ ነዋ!

ጥር 29

ምሰሶዎቹ ላይ የተጠመጠመውን እርጥብ ጆንያ ገልጬ የሦስተኛውን ጠርዝ በቤት ቁልፌ ጫርኩት። ዱቄት። ቀጣዩን ጫርኩ። ዱቄት… ሃያ ሦስት ቀን የሞላው አርማታ እንዲህ ይሆናል? እጄን ልብሴ ላይ ጠረግሁ። ማታ ሳወልቀው ዱቄቱ አሁንም አለ።

የካቲት 4

ኩቦቹ ዛሬ ላብራቶሪ ገብተው ተጨመቁ። አለፉ። ማለፍ ብቻ? ከሚፈለገው በላይ! ኩቡ ድንጋይ፣ ምሰሶው ብስኩት። የአንድ ቀን፣ የአንድ አርማታ ልጆች ናቸው አሉኝ።

ሻለቃው ቢሮ ገባሁ። "እዚያ ፎቅ ላይ ልጆች ይቀመጣሉ" አልኩት።

"ልጅት" አለኝ እየሳቀ፣ "ወረቀቱ ላይ የማን ፊርማ ነው ያለው?"

የእኔ።

የካቲት 5

ለሕንፃ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ። አባዬን አልጠቀስኩም። ለምን አልጠቀስኩም?

የካቲት 9

ታገድኩ። የሥራ ቦታው በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፈውብኛል። "የድርጅቱን ስም በሐሰት በማጥፋቷ…" ስሜ በትልልቁ፣ ከነአባቴ ስም! አባዬ በየቀኑ እሱን እያየ ይገባል፣ ይወጣል።

የሕንፃ ተቆጣጣሪው አጣሪ ኮሚቴ የካቲት 20 ቀርበሽ አስረጂ ብሎኛል። ከሳሽ ነኝ ስል ተከሳሽ ሆኜ አረፍኩት። ከተረታሁ የሙያ ፈቃዴ ይነጠቃል። ትምህርት ቤቱም በብስኩት ላይ ይቆማል።

አልረታም።

የካቲት 10

እራት ላይ አባዬ "ጨው አቀብይኝ" እንኳ አላለኝም። ተነስቶ ራሱ አነሳ።

የካቲት 14

ቦት ጫማዬን ልወስድ ሄድኩ። ዘበኛው ግራና ቀኝ አይቶ "ሩብ ሰዓት ብቻ። ከዚያ በኋላ እኔም አላውቅሽ፣ አንቺም አታውቂኝ" አለኝ።

ጫማዬን ይዤ ስወጣ ምድር ቤት ያለው ምሰሶ እግር ላይ ዓይኔ አረፈ። ሰባት ቁጥር። የአባዬ ናት። አርማታ በሞላ ቁጥር ሳይደርቅ በሚስማር ይጭራታል። ልጅ ሆኜ ምንድን ናት ብዬ ጠይቄው አንዴ ብቻ ነግሮኛል። ምሽጉ ውስጥ ሰባት ነበሩ። ስድስቱ ያለ ምንም ምልክት እዚያው ቀሩ። እሱን ሻለቃው በጀርባው ተሸክሞ አወጣው። "መቃብራቸውን አላውቀውም። የት ልጻፋቸው?" አለኝ ያኔ። ሌላ አልጨመረም።

አንደኛ ፎቅ ወጣሁ። ሁሉም ላይ አለች። ወደ ሁለተኛው ሮጥኩ። ተንበርክኬ እየገለጥኩ… አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አሥራ አንድ። የለችም። አንዱም ላይ የለችም!

ሃያ ስምንት ዓመት ረስቶ የማያውቅ ሰው በአንድ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ይረሳል?

አልረሳም። ያውቅ ነበር።

የካቲት 15

ከሥራ ሲመለስ ደረጃው ላይ ጠበቅሁት።

"አባዬ፣ ሰባቷ የታለች?"

የቷ ሰባት አላለኝም። ከጦርነቱ ጀምሮ የታመመ እግሩን ዘርግቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ሲሚንቶውን ማን ቀነሰ?"

"እሱ አዘዘ።"

"ኩቦቹንስ?"

"እኔ። ለብቻ፣ በእጄ አቦካኋቸው።"

"እኔን አስፈረምከኝ!"

የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ።

"ለምን? ንገረኝ እንጂ!"

"ተሸክሞኛል፣ ልጄ። አንድ ቀን ከግማሽ። አንጀቴን በእጄ ይዤ።"

ጮህኩ። ምን ምን እንዳልኩ ሁሉንም አላስታውስም። "እሱ የተሸከመው አንተን፣ የሚፈርሰው የሰው ልጅ ላይ!" ማለቴን አስታውሳለሁ። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ሲነሳ ደረጃው አደናቀፈው።

"ኮሚቴው ፊት ስምህን እጠራለሁ" አልኩት ከጀርባው።

ዞር ሳይል "ጥሪ" አለ። ፈቀደልኝ ወይስ ዛተብኝ?

የካቲት 18

እማዬ ልብስ እያጠፈች፦ "ሻለቃው አባትሽን ምስክር ቆጥሮታል።"

"ለማን?"

"ለራሱ ነዋ። ናሙናው ትክክል ነው ብሎ እንዲመሰክርለት።"

"አባዬስ ምን አለ?"

"ካፖርቱን አስቦርሾኛል።" አንዱን ሸሚዝ ሦስት ጊዜ አጥፋ ፈታችው። "አንቺ ልጅ… አባትሽ ነው።"

"እኔስ የማን ልጅ ነኝ?"

ሸሚዙን እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

የካቲት 20

ሳልረሳው ልጻፈው።

ሦስት ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ጀርባ። ሻለቃው ከፊት ወንበር ላይ፣ አባዬ አጠገቡ። ትከሻ ለትከሻ! ስገባ አላየኝም።

ሰብሳቢው፦ "ፊርማው ያንቺ ነው?"

"የእኔ ነው።"

"ሲሞላ አይተሻል?"

"አላየሁም።"

"ታዲያ ለምን ፈረምሽ?"

"ፎርማኑ አባቴ ስለሆነ።"

ከኋላ ሳቁ። ፊቴ ነደደ። ቢሆንም ቀጠልኩ። "ምሰሶዎቹን ቦርቡሩና ናሙና አውጡ። ሰባት ቁጥር የተጻፈበትን አንድ፣ ያልተጻፈበትን አንድ። ከዚያ ውሸታም በሉኝ!"

"ሰባት ቁጥር ደግሞ ምንድን ነው?"

የኔ አይደለችም፣ እንዴት ልናገራት?

አባዬ ተነሳ። ሻለቃው እጁን ያዝ አድርጎ "አሥር አለቃዬ፣ ረጋ ብለህ፣ እንደተነጋገርነው" አለው። አባዬ እጁን ቀስ አድርጎ አስለቀቀ።

"ጓደኞቼ ናቸው" አለ። "ከእኔ ጋር ሰባት ነበርን። ባቆምኩት ሁሉ ላይ እጽፋቸዋለሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አልጻፍኳቸውም። ውሸት ላይ እንዴት ልጻፋቸው? ኩቦቹን ለብቻ ያቦካሁት እኔ ነኝ። ልጄን ያታለልኳትም እኔ።"

ከዚያ ሻለቃው፣ በጣም ቀስ ብሎ፦ "ያኔ ጥዬህ መምጣት ነበረብኝ።"

"ተሸክመውኛል፣ ሻለቃ" አለ አባዬ። "እኔም ሃያ ስምንት ዓመት ተሸክሜዎታለሁ። ይብቃን።"

እስከ ቤት መንገዱን ሁሉ አባዬ ከፊት እያነከሰ፣ እኔ ከኋላ። አልደገፍኩትም። ይቅር አላልኩትም። ግን ከኋላው ነበርኩ።

መጋቢት 6

ውጤቱ ወጣ። ሰባት ያለበት አለፈ። የሌለበት ከመሰርሰሪያው ሳይወጣ ተፈረካከሰ። አሥራ አንዱም ይፈርሳሉ። የሻለቃው ድርጅት ከሥራው ተሰናበተ። አባዬ ከእንግዲህ ፎርማን መሆን አይችልም። እኔ ሳላይ በመፈረሜ የስድስት ወር እገዳ።

ስድስት ወር! የሰው ነፍስ ላተረፈ! ቀኑን ሙሉ ስነድ ዋልኩ። ማታ ወረቀቱን እንደገና አነበብኩት… "በፊቴ ተሞላ" የምትለዋን መስመር። ስድስት ወር።

ማስታወቂያውን ግን ማንም አላነሳውም ነበር። ዘበኛው ፊት ቀደድኩት። "እኔ አላየሁሽም" አለ ወደ ሰማይ እያየ። "ያንን ጥግ ረስተሻል።"

መጋቢት 21

ዛሬም ከአባዬ ጋር አላወራንም። ጨው ግን አቀበልኩት።

ሚያዝያ 6

እሁድ መጣ።

ስነሳ አባዬ የድሮውን ደረጃ አፍርሶ ጣውላ ገጥሟል። በባልዲ አርማታ እያቦካ ነው። እማዬ መስኮት ላይ ሆና "ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?" ብላ ሳቀች።

ሊያፈስ ባልዲውን አነሳ። ከዚያ መልሶ አስቀመጠውና ቀና ብሎ አየኝ።

"መሐንዲሷ… አታዪውም?"

የታገድኩ ነኝ ልለው ነበር። ተንበርክኬ እጄን ከተትኩ። ጨብጬ ለቀቅሁት። በጣቶቼ መሃል ፈሰሰ።

"ውሃ በዝቶበታል" አልኩት።

የእማዬ ሳቅ ቆመ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው ግንበኛ ከሆነ… ማንም ደፍሮ ብሎት አያውቅም። አባዬም እጁን ባልዲው ውስጥ ከቶ ጨበጠ።

"በዝቶበታል" አለ። ደፋው። እንደ አዲስ ማቡካት ጀመረ።

ሁለተኛውን አየሁት። "አሁን አፍስ" አልኩት። አፈሰሰ፣ ደልድሎ አስተካከለ። ከኪሱ ሚስማር አውጥቶ ጥጉ ላይ ሰባትን ጫረ።

እስከ ነገ አይረገጥም። ሦስታችንም በጓሮ በር ስንገባ ስንወጣ ዋልን።