ጥፋቱ የእኔ ነው ያሉት አቶ ኃይለየሱስ ወልደ ማርያም

ኅዳር 12 ቀን 1963 ዓ.ም. ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ አቶ ኃይለየሱስ በድሬዳዋ ከተማ ከዚራ ሰፈር ከባቡር መካኒኩ ከአቶ ወልደ ማርያም ተሰማና ከወ/ሮ አጸደ ይልማ ተወለዱ።

ትምህርታቸውን በዚሁ ከተማ አጠናቀው በምድር ባቡር በጸሐፊነት ተቀጠሩ። በ1990 ዓ.ም. ከወ/ሮ የሺአረግ ሀብተ ማርያም ጋር ትዳር መሥርተው ግሩምንና ሃኒን አፍርተዋል። የባቡሩ ሥራ ሲቀዘቅዝ ኮምፒውተርን ከአሮጌ መጻሕፍት ብቻቸውን ተማሩ። በ1998 ዓ.ም. አንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ እንዲጠብቁ ቀጠራቸው።

ሥራቸው ጥንቃቄ ነበር። ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት ሰርቨሩን ከውጭ ሆነው ይፈትሹና ለሥራ የማያስፈልገውን ፖርት፣ ማለትም የኔትወርክ መግቢያ በር፣ ይዘጋሉ። በሃኒ የምረቃ ቀን እንኳ ፈትሸው በመምጣታቸው ጓደኛቸው ዐብዲፈታሕ «ሰርቨሩንም ለምን ይዘኸው አልመጣህም?» ብሎ እኛን እህቶቻቸውን አስቆናል።

በግንቦት 2014 ዓ.ም. ሙቀቱ ሲበረታ ሠራተኞች የቀትሩን ሥራ ከቤታቸው ለመጨረስ እንዲያስችሏቸው ለመኗቸው። አዝነውላቸው የርቀት መግቢያውን ፖርት ለአንድ ቀን ለውጭ ከፈቱት፤ መዝጋቱን ግን ረሱ። በሦስተኛው ቀን ሰርጎ ገቦች የባልደረባቸውን የዐማል ዐብዲወሊን የይለፍ ቃል ገምተው ገቡ፤ የደንበኞችን ፋይሎችም ቆለፉ። ድርጅቱ የተገባው በስሟ ስለሆነ የሁለት ልጆች እናት የሆነችውን ዐማልን ሊያሰናብታት ደብዳቤ አዘጋጀ። ያን ጊዜ አቶ ኃይለየሱስ ለክፍል ኃላፊነት ታጭተው ነበር። ማንም ሳይጠይቃቸው በስብሰባው ላይ ተነሥተው፦

«ፖርቱን ከፍቼ የረሳሁት እኔ ነኝ። ደብዳቤውን በእኔ ስም ጻፉት» አሉ።

ዐማል ከሥራዋ አልተነሣችም። እሳቸው ሹመቱ ቀረባቸው፤ ፋይሎቹንም ለብቻው ካስቀመጡት ቅጂ በአሥራ አንድ ቀን መለሱ። እኛ እህቶቻቸው ግን ያቺን መርሳት ለራሳቸው ይቅር ሲሉ አላየንም። ያን ሰሞን እህል እንኳ የሚቀምሱት እኛ ለምነናቸው ነበር።

ከሁለት ዓመት ወዲህ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በ55 ዓመታቸው ከባለቤታቸው፣ ከሁለት ልጆቻቸውና ከሦስት እህቶቻቸው ተለዩ። ሰውን ከጭንቅ ያወጡትን ወንድማችንን ፈጣሪ ከጻድቃን ጋር ያኑርልን፤ ለቤታቸውም መጽናናትን ይስጥ።

እሳቸው ያጡትን የክፍል ኃላፊነት ካለፈው መስከረም ጀምሮ የያዘችው ዐማል ናት።