አራት ቦታ የተቆረጠው ኪኒን

ኮንኬን፣ የዝናቡ ሱባኤ በተፈታ በሦስተኛው ቀን፣ በቡድሃ 2566 ዓመት

ለልጄ ለራምፋ፣ ፔናንግ

የኔ ቆንጆ፣ እንዴት ከርመሻል? ፀጉር ቤቱስ እንዴት ነው? ቀለም ስትቀቢ ጓንት ታደርጊያለሽ ወይስ እንደ ድሮሽ ጣትሽን ታቃጥያለሽ? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን በዚህ ሰሞን ውሸት አንገሽግሾኛል። መስመሬ ሽቅብ ቢወጣ፣ ፊደሌ ቢነባበር አትሳቂብኝ። ጠረጴዛው ዘንበል ብሏል።

የእኔን ስልክ ስለማታነሺ ነው የምጽፈው። ከሱባኤው በፊት ለዘፈን ጓደኛሽ ለፒኩን ደውለሽ፣ «እማዬን ንገሪልኝ፤ አሁን በቀን ሁለት ኪኒን እውጣለሁ፤ አንድም ቀን አሳልፌ አላውቅም» ብለሻታል አሉ። ፒኩን ደስ የሚለኝ መስሏት እየሳቀች ነገረችኝ። ልጄ፣ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ዛሬ ሁለተኛዋን እንዳትውጪ።

ለምን እንደሆነ ከሥሩ ልንገርሽ። የዘፈን ቡድናችን ወደ መንገድ ከመውጣቱ በፊት ያለፉትን የዘፈን መምህራኖቻችንን መሠዊያ ስንዘረጋ ታስታውሻለሽ፤ የአሳማው ጭንቅላት፣ አበባው፣ ሻማው። እንደኛ በወንድ ገላ ተወልዳ ሴት ሆና ልትኖር የመጣች አዲስ ልጅ ስትኖር፣ በቡድኑ ውስጥ እናት የምትሆናት የወንዱን ሆርሞን የሚያፍነውን ኪኒን እሽግ ከመሥዋዕቱ ሰሃን አንስታ አናቷ ላይ ታስነካትና በእጇ ታኖርላታለች። አንቺንም እንዲህ ነው ያቆረብኩሽ። አንድ በጠዋት፣ አንድ በማታ። ለእኔም ከሠላሳ ዓመት በፊት እናቴ ቡንሩዋንግ እንዲሁ አለችኝ። ለእሷ ማን እንዳላት የጠየቀ የለም። ቡንሩዋንግ በመጨረሻ ዘመኗ ግድግዳ እየዳበሰች ነበር የምትሄደው። የመድረክ መብራት ዓይኗን በላው ተባባልንና ቀበርናት።

አንቺ ግን ከመጀመሪያው ነግረሽኛል። «እማዬ፣ ይህን ከጀመርኩ ወዲህ ሳልደክም እተኛለሁ፤ ማንም ሳይበድለኝ አለቅሳለሁ» አልሽኝ። እኔስ ምን አልኩ? ቁንጅና በነፃ የተሰጣት ማን ናት አልኩና ሊፒስቲኬን መቀባቴን ቀጠልኩ። ከዚያ የቡድኑ መኪና ላይ ያቺን የክብሪት ቀፎ አገኘሁ፤ ኪኒኑን በቅንድብ ምላጭ አራት አራት ቦታ ቆርጠሽ ደብቀሻል። ከበሮ መቺው ሳይቀር በተሰበሰበበት፣ «ሩብ የምትውጥ፣ ሩብ ሴት ናት» አልኩሽ። ኪኒኑን ቦይ ውስጥ ደፋሁት፣ ምላጭሽንም ቀማሁሽ። በማግስቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ሄድሽ። እኔም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ እስከ አውቶቡሱ እንኳን አልሸኘሁሽም።

ዘንድሮ ራሴን ያመኝ ጀመር። አንድ ቀን የመድረኩን ደረጃ ስቼ ወደቅሁና ፒኩን እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሟ ኦራታይ ትባላለች፤ የልጅ ልጄ ብትሆን የምታምር። የጭንቅላቴን ፎቶ አስነሥታ አሳየችኝ። ከራስ ቅሌ ሥር፣ በአንጎሌ ሽፋን ላይ ትንሽ ሎሚ የሚያክል እብጠት ተቀምጧል። ምን እንደምወስድ ስትጠይቀኝ የኪኒኑን ከረጢት ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩት።

«ማን አዘዘልዎት?» አለችኝ።

«እናቴ።»

«ሐኪም ናቸው?»

«ዘፋኝ ነበረች» አልኳት። አልሳቀችም።

ሳይፕሮቴሮን የሚባለው ይህ ኪኒን፣ በብዛት ለብዙ ዓመት ሲወሰድ እንዲህ ያለ እብጠት ሊያመጣ እንደሚችል ነገረችኝ። ሁሉንም አይነካም፤ የሚነካው ጥቂቱን ነው። ካንሰርም አይደለም። የነካው ሰው ግን ዳግመኛ አይወስደውም። ታዲያ ስንት መውሰድ ነበረብኝ ብዬ ጠየቅኋት።

«አሁን የምናዝዘው በቀን የአንዱን ኪኒን ሩቡን ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ። ወንዱን ሆርሞን ለማፈን ያ ይበቃል። የቀረውን የወሰዱት በከንቱ ነው።»

ሩቡን! ራምፋ፣ የገዛ አፌን ተጸየፍኩት። የሚጉመጠመጥ ውሃ ለመንኳት። ይህች የተማረች ልጅ አንቺ በቅንድብ ምላጭ የደረስሽበትን ነው የነገረችኝ።

«ታዲያ አሁን ጢም ላብቅል?» ብዬ ስጠይቃት ያን ጊዜ ሳቀች። ሌላ መንገድ ሞልቷል አለችኝ። በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የሚወጋ መርፌ አለ፤ ሥራው ጥሩ ነው፣ ዋጋው ግን ከበር ይመልሳል። ጉበትን የሚያስቆጣ ሌላ ኪኒን አለ፤ ያለ ደም ምርመራ አይነካም። የዘር ፍሬውን በቀዶ ጥገና ያስወጣች ደግሞ ማፈኛው ጭራሽ አያስፈልጋትም፤ ግን ተመልሶ የማይገባ ነውና አስቢበት ትላለች። ሽንት የሚያበዛው ስፓይሮኖላክቶንም አለ። ፒኩን እሱን ጀምራለች። በዘፈኑ መሐል ትሮጣለች፤ የቀሚሷ መንጠቆ አሥራ ሁለት ነው፣ የምፈታው ደግሞ እኔ በዳበሳ። ኪኒኑ ፖታሲየም ያጠራቅማል ተብላ ሳለ፣ ውሃ ጠማኝ እያለች በየገበያው የኮኮናት ውሃ ስትጋት ሰነበተች፤ እሱም ፖታሲየም ነው። ልቧ መዝለል ሲጀምር ደሟን መርምረው ተቆጧት።

የእኛ መድኃኒት አዋቂነት ያስታውካል፣ ልጄ። የወሊድ መከላከያ ኪኒን በእፍኝ የምትቅም አለች፤ ባለፈው ዓመት ከእነሱ አንዷ እግሯ ውስጥ ደም ረግቶባት ለጥቂት ተረፈች። የሥር ዱቄት የምትበጠብጥም አለች። ያ መድኃኒት ሻጭ ደግሞ! አፍንጫውን የጠረገበት ጣት ላይ ምራቁን እንትፍ ብሎ፣ በዚያው ጣት እየቆጠረ፣ ስም በሌለው ከረጢት ይሰጠናል። ሃያ ዓመት ሙሉ ልጆቼን እየነዳሁ የወሰድኩለት እኔ ነኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ ነው።

ባለፈው ሳምንት መሠዊያውን ዘረጋን። ሁለት አዲስ ልጆች ተንበርክከው እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ከሰሃኑ ያነሳሁት የሐኪሟን አድራሻ የጻፍኩበት ወረቀት ነበር። አናታቸው ላይ አስነክቼ በእጃቸው አኖርኩላቸው። አሮጊቶቹ ሥርዓት አፈረሰች ብለው አጉረመረሙ። ያጉረምርሙ።

አሁን ስሚኝ። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ተናደሽ ባንዴ አትተዪው፤ ብዙ የለመደ ገላ ድንገት ሲቋረጥበት ይጎዳልና እነሱ በልክ ይቀንሱልሽ። ደምሽን ይዩት። ራስሽን ካመመሽ ወይም ዓይንሽ ከደበዘዘ ሳትደብቂ ተናገሪ። ያንን ልቅሶም ንገሪያቸው። ሐኪሟ ኪኒኑ ልብን እንደሚያጨልም ነግራኛለች፤ አንቺ ግን የቁንጅና ዋጋ ነው ያልኩሽን አምነሽ ኖረሻል። ሁለት የምትውጪው እኔን ለማሳፈር ከሆነ፣ አፍሬያለሁ፤ ይበቃሻል። ሙሉ ሴት መሆንሽን ለማሳየት ከሆነ ደግሞ፣ ያን ቀን መኪናው ላይ ሙሉ የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

የእኔን እብጠት በሚመጣው ሐሙስ ያወጡታል። እንዳትመጪ፤ ደንበኞችሽ ይቀየማሉ። የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን ሊያተርፉልኝ እንደሚችሉ ነግረውኛል። ስለ ምኑ እንደሆነ ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

ምላጭሽን በጨርቅ ጠቅልዬ አብሬ ልኬልሻለሁ። አልጣልኩትም ነበር። ሣጥኔ ውስጥ ስፈልገው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሳላየው ጣቴን ቆረጠኝ። ወረቀቱ ጥግ ላይ ደም ካለ የእኔ ነው።

መምህራኑ ይጠብቁሽ። እጅሽ ይባረክ፣ ወገብሽ አይድከም፣ እንቅልፍሽ የድካም እንጂ የኀዘን አይሁን። መልስሽን ግን አትጻፊልኝ፣ ልጄ። ደውይልኝ።

የማትረባዋ እናትሽ
ዱዋንግኬው