ተራሽን ስጪኝ፣ ሙሚና

እህቴ ሙሚና፣ አሰላሙ ዓለይኪ።

ካንቺ ከተለያየን አራት ረመዳን ጾምን፣ አራት ዒድ አለፈ። አላህ ቀብርሽን ኑር ያድርግልሽ። ሴት ለጣውንቷ ደብዳቤ ስትጽፍ ሰምቼ አላውቅም፤ የኛ ነገር ግን ድሮም እንደ ሰው አልነበረም። ፊደል የለቀምኩት ከስኳርና ከሻይ ቅጠል መጠቅለያ ወረቀት ላይ መሆኑን ታውቂያለሽ። ጥቅሉን ይዤ ፊደል ስቆጥር «ስኳሩን ስጪኝ እንጂ ሴትዮ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ!» እያልሽ ትጮኺብኝ ነበር። ስለዚህ የጎደለ ፊደል ብታገኚ ከእኔ ሳይሆን ከወረቀቱ መቀደድ ቁጠሪው።

ቤቱ ደህና ነው። ጣራው ተቀይሯል፤ ዝናብ ሲጥል ባልዲ ይዞ መሯሯጥ ቀርቷል። የጓሮው ዘይቱን ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል፤ የሰፈሩ ልጆች ከእኛ ቀድመው ጨረሱት። ባላችን አህመዴ ዛሬም መቻራ ቡና ይሰበስባል፣ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል። ጢሙ ሲሸብትበት ሒና ተቀብቶ እንደ እሳት ቀይ አድርጎታል። ራሱን እንደ ሐጂ ነው የሚያየው። ብታዪው ሆድሽን ይዘሽ ነበር የምትስቂው። እኔ በፊቱ አልስቅም፤ ጓዳ ገብቼ ነው የምስቀው።

የጻፍኩልሽ ግን ለዚህ አይደለም። ከትናንት ጀምሮ ልቤ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎኛል። ሽንኩርት ስመዝን ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ደንበኞቼ ሳቁብኝ። የኢፍቱን ነገር ላንቺ ካልነገርኩሽ ለማን እነግራለሁ?

ልጅሽ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ከወረዳው ልጆች ሁሉ በላይ አለፈች። ወሬውን ያመጣልኝ መምህሯ ነው። ገበያ ውስጥ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ ክምር አጠገብ ቆሞ፣ «ለልዩው ክፍል ተመርጣለች» አለኝ። ምን ማለት እንደሆነ ሳይገባኝ በፊት እጄ ሽንኩርት እያነሳ ዘንቢሉን ሞላለት። ሳልመዝን ነው የሰጠሁት! ሰውየው ደንግጦ «ኧረ እኔ ግማሽ ኪሎ ነው ያልኩት» አለ።

ልዩ ክፍል ማለት በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘንድሮ የተከፈተ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የተመረጡ ልጆችን ለብቻ ያስተምራሉ። ጠዋት ገብተው የሚወጡት ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ቅዳሜም አለ፣ ክረምትም አለ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ሁሉም ጠጠር ብሎ፣ ከመጽሐፉ አልፎ። ውጤቱ የወረደ ልጅ ወደ ወትሮው ክፍል ይመለሳል። መግባት ግዴታ አይደለም፤ ልጅና ወላጅ ተማክረው እሺ ወይም እምቢ ይላሉ።

ለአህመዴ መቻራ ስልክ ደወልኩለት። መጀመሪያ በደስታ ጮኸ፣ ቀጥሎ «እስከ ማታ? ሴት ልጅ?» አለ። በመጨረሻ «እናቷ ትወስን» አለኝ። የትኛዋን ማለቱ እንደሆነ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ኔትወርኩ ተቋርጦ አዳነን።

ጭንቄ ይሄ ነው ሙሚና። ግቢ ብላት፣ ሲከብዳት የእንጀራ እናቷ ጨከነችባት፣ ከቤት ልታርቃት ነው ይባላል። ቅሪ ብላት ደግሞ የእንጀራ እናቷ ለጓዳዋ አስቀረቻት ይባላል። ይባላል የምለው አስቤ አይደለም። ከጎኔ ጫት የምትሸጠው ሰዓዳ ሁለቱንም በአንድ ጠዋት ነግራኛለች። ቡና ሳትጠጣ «ምስኪን፣ ከዚህ ዕድሜዋ እንዲህ ልትለፋ!» አለች። ከጠጣች በኋላ «ታዲያ ልታስቀሪያት ነው? ያንቺ ብትሆን ታስቀሪያት ነበር?» አለች። እኔ ምን እላለሁ፣ ዝም አልኩ። ዝም ስል ደግሞ «ኩራትሽ!» አለችኝ።

ኢፍቱ ራሷ «አልፈልግም» ብላ ቁርጥ አደረገችው። ለምን ስላት ትከሻዋን ትነቀንቃለች። አልዋጥልሽ አለኝ፤ ትምህርቱን እንዴት እንደምትወደው አያለሁና። ባለፈው እዚያው ገበያ ተቀምጣ ጫቱ በእርጥብ ቅጠል ሲጠቀለል ለምን እንደማይጠወልግ፣ ውሃው ሲተን ሙቀት ይዞ እንደሚሄድ ስታስረዳ ሰዓዳ «ይሄን እኔ ከመወለድሽ በፊት አውቀዋለሁ፣ ፊዚክስ ምን ያደርግልኛል?» አለቻት። ልጅሽ ምን ብትል ጥሩ ነው? «እትዬ ሰዓዳ፣ እንደማይጠወልግ ያውቃሉ፤ ለምን እንደሆነ አያውቁም።» ሰዓዳ የጫት እንጨት ወረወረችባት። አፏ ያንቺ ነው፣ ምንም ጥርጥር የለውም። እንዲህ ያለች ልጅ ፈርታ እምቢ አትልም አልኩ በልቤ።

ትናንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ ወላጆችንና ልጆችን ጠራ። እሺ የሚል እዚያው ይመዘገባል፣ ያልመጣ ቦታው ለሌላ ይሰጣል ተባለ። ኢፍቱን «ቢያንስ ሰምተሽ እምቢ በይ» ብዬ ለመንኳት፣ እሺ አለችኝ። እሷ ከቤት ልትመጣ ተስማምተን፣ እኔ ሽንኩርቴን ለሰዓዳ አደራ ብዬ ከገበያው በቀጥታ ሄድኩ።

አቤት ያ ስብሰባ! ግማሾቹ አባቶች ጫታቸው እንዳይደርቅ ሰዓታቸውን ያያሉ። የልዩው ክፍል መምህር አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ ስለ ፕሮግራሙ ሲያስረዳ አንዲት ከቦኬ የመጣች እናት እጇን አውጥታ «ይሄ ሁሉ ሲሆን ኢጆሌው፣ ልጁ ሁሉ፣ መቼ ነው የሚበላው?» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሁላችንም መልሱን ለመስማት ጆሯችንን አቀናን፤ ጭንቀታችን እሱ ነበራ። ከዚያ ቤተ ሙከራውን አሳዩን። ጠርሙስ በጠርሙስ ነው ሙሚና፣ ጠባብ አንገት ያለው፣ ሆዱ የሰፋ፣ ሁሉም ተወልውሎ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ ብሆን ብዬ ተመኘሁ። ዞር ዞር ብዬ ኢፍቱን ፈለግኳት። የለችም።

እየተናደድኩ ወደ ቤት ወጣሁ። ዳገቱን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ስገባ ጓዳ ከከሰሉ አጠገብ ተቀምጣ ቃሪያ ትከትፋለች። የምስር ወጡ ድስት ይንተከተካል። «ምን ሆነሽ ነው?» ስል ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ሐሙስ እኮ ነው፣ የእማዬ ተራ ነው» አለችኝ።

ዱካውን ስቤ ከአጠገቧ ተቀመጥኩ።

ተራችንን መቼም አትረሺውም። ተራ ሲባል ሰው የሚስቅበት ሌላ ተራ አለ፤ እሱን እዚህ አልጽፍም፣ ኢፍቱ ታነበዋለች። የምድጃውን ተራ ነው የምለው። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ያንቺ፣ ከእሑድ እስከ ማክሰኞ የኔ። ረቡዕን ማን ይያዝ እያልን ስንት ዓመት ተጨቃጨቅን! አንዷ ስታበስል አንዷ ገበያ ትወጣለች። ካለፍሽ በኋላ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ኢፍቱ ምድጃው ላይ ስትቀመጥ እናቷን የምታስታውስበት ነው፣ አልነካባትም ብዬ ከጓዳው እርቅ ነበር። እሷ ደግሞ ለካ አንድ ቀን ብትተወው እኔ ቀኖችሽን የምወስድባት መስሏት ነው። እኔ ለእሷ ብዬ ስርቅ፣ እሷ ላንቺ ብላ ስትጠብቅ፣ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ቤት ውስጥ ሳንነጋገር ኖርን። ልዩው ክፍል ደግሞ ሐሙስንም፣ ዓርብንም፣ ቅዳሜንም ይወስዳል። እምቢታዋ ያ ነበር።

«ተራዋን ካልያዝኩላት እዚህ ቤት ምን ቀራት?» አለችኝ። ቃሪያው ያቃጠላት አስመስላ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

ቢላዋውን ከእጇ ወስጄ መክተፍ ጀመርኩ። እየከተፍኩ ያረገዝኩት የወረደብኝን ጊዜ ነገርኳት። ለማንም ተርኬው አላውቅም። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ስተኛ፣ ተራ ሳትዪ፣ ቀን ሳትለዪ የኔንም ያንቺንም ምድጃ ብቻሽን እንደያዝሽ፤ ገና ጡት ያልጣለችውን ኢፍቱን አምጥተሽ ከጎኔ አስተኝተሽ «ይቺን ያዢልኝ፣ ወጤ ሊያርብኝ ነው» ብለሽ እንደሄድሽ። ወጥሽ አላረረም ነበር፤ አውቄብሻለሁ። ልጅቷን ያዝኩ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ተነሳሁ። ይህን ነግሬያት ሳበቃ እንዲህ አልኳት፦ «ተራው የእኔና የእናትሽ ነው። ስንቀያየር አንድም ቀን አንቺን አስፈቅደን አናውቅም። ዛሬም ከእሷ ጋር እኔው እጨርሳለሁ፣ አንቺ ምን አገባሽ?»

አፏን ከፍታ አየችኝ። እንዲህ ስናገር ሰምታኝ አታውቅማ። «እንዴት አድርገሽ ነው የምትጨርሺው?» አለች። «የኔ ጉዳይ ነው» አልኳት። ግቢም አላልኳት፣ ቅሪም አላልኳት። ከሰሉን በእንጨት ጫር ጫር አደረገችና በትንሽ ድምፅ፣ «ቤተ ሙከራ አላቸው አሉ?» አለች።

«ጠርሙስ በጠርሙስ ነው» አልኳት።

«ጠርሙሱ የምን የምን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ሄደሽ እይው።»

«መምህሩ አሁን ሄዶ ይሆን?»

ጥያቄውን ስትጨርስ ቆማ ነበር። ሽርጧን እንደታጠቀች፣ እጇ ቃሪያ እንደነካ በሩን አልፋ ወጣች። እኔም ነጠላ ጫማዬን አንዱን በእግሬ፣ አንዱን በእጄ ይዤ ተከተልኳት። ቁልቁለቱን እንደ ፍየል ነው የወረድነው። ባጃጆች ጡሩምባ ይነፉብናል። አንዱ ሾፌር «እናትና ልጅ ማንን ነው የምታባርሩት?» ብሎ ጮኸ። እናትና ልጅ አለን። ማንም አላረመውም።

ስንደርስ መምህሩ በሩን ሊቆልፍ ቁልፉን አስገብቷል። ኢፍቱ ትንፋሿ ሳይመለስ «እገባለሁ» አለችው። «ቤተሰብ ተስማማ?» ሲላት እኔን ዞር ብላ እንኳ አላየችም፤ «እናቶቼ እየጨረሱት ነው» አለችው። ሰውየው ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። በሩን መልሶ ከፈተው፣ እሷም ገብታ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ስማቸውን እየጠየቀች ስትነካካ ቆየን። አንዱ ላይ የቃሪያ እጇን አሳረፈችና መምህሩ ጮኸባት። የመጀመሪያ ትምህርቷ እሱ ሆነ።

ድስቱ ትዝ ያለን ዳገቱ መሃል ላይ ነው። ስንደርስ ቤቱ ጭስ ብቻ ነው። አህመዴ ከመቻራ ደርሶ፣ ያረረውን ድስት በጨርቅ ይዞ፣ ቀይ ጢሙ ላይ ጥላሸት ተቀብቶ በር ላይ ቆሟል። «የማን ተራ ነው ዛሬ?» ብሎ ጮኸ። እኔና ኢፍቱ ሳንተያይ፣ በአንድ አፍ፣ «የሙሚና!» አልን።

ግድግዳውን ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ። በሽርጡ ጫፍ ዓይኑን ሲጠርግ ሳቁ የትኛው፣ ለቅሶው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ስለ ልዩው ክፍል ስንነግረው «ማታ ማታ ማን ይቀበላታል?» ብቻ ነው ያለው። «እኔ፣ ገበያዬን ዘግቼ» አልኩት። እራታችን ዳቦና ሻይ ሆነ፣ እሱም አላጉረመረመም።

እንግዲህ ሙሚና፣ የመጣሁበትን ልናገር። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ያለውን ተራሽን ስጪኝ። ሳልጠይቅሽ መቅደሜን አውቃለሁ፤ ድሮም ከተቀያየርን በኋላ ነበር የምንነጋገረው። ያንቺን እጅ አስመስዬ አላበስልም፣ አልችልምም። በቀኖችሽ ምድጃው ላይ ስቀመጥ ግን ከቢስሚላህ ቀጥዬ ለአንቺ ዱዓ ሳላደርግ እሳት አልጭርም። እስከምንገናኝ ድረስ ቃሌ ይሄ ነው።

ሰኞ ትጀምራለች። ደብተሯን አሁን ለሦስተኛ ጊዜ እየለበደችው ነው፤ ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። እፈራለሁ፣ ውሸት ምን ያደርጋል። እንግሊዝኛው ይከብዳታል፣ ቅዳሜ ጓደኞቿ ሲጫወቱ እሷ ክፍል ውስጥ ትሆናለች። ግን ደስታዬ ከፍርሃቴ በልጦ ዛሬ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

ሰው ማለቱ አይቀርም። ብትወድቅ «የእንጀራ እናቷ ናት ያስገባቻት» ይላሉ፤ እሱን እኔ እሸከመዋለሁ፣ ትከሻዬ አለ። ብታልፍ ደግሞ «የማን ልጅ ናት?» ይላሉ፣ «የሙሚና» ይባላሉ። ያኔ እኔ ሽንኩርቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ ስምሽ በገበያው ሲጠራ እሰማለሁ። እንዳልሰማ ሆኜ እመዝናለሁ፤ በልቤ ግን፣ በጠሩት ቁጥር፣ አሚን እላለሁ።

ጣውንትሽ፣ እህትሽ
ሃሊማ፣ ከጭሮ