ጥቁሩ ጥለትና የእማማ መቁረጫ

ሰኞ፣ የፋልጉን ወር 3
የቀለም ማሰሮውን ዛሬ ዘጋሁት። የዛገ ብረት፣ የዘንባባ ስኳር፣ ውሃ። አሠራሩን የሩዝ ፈንዲሻ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው ያነበብኩት። “አሥራ ሰባት ቀን ፀሐይ ላይ ይቀመጥ። አስቀድሞ የተከፈተ እንደሆነ...” እዚህ ላይ ተቀዷል። እንደሆነ ምን?
ለምሸምነው ሳሪ ጥለት ጥቁር ክር ያስፈልገኛል። ነጋዴዋ ኢራቦቲ በሃያ አንድ ከኮልካታ ትመጣለች። የፋብሪካ ቀለም የነካውን አትገዛም። ባሌ ኒታይ ግን፣ “ጥቁርሽ ካልያዘ ወደ ፓኬቱ ቀለም እመለሳለሁ” አለ። ፓኬቱ! አምና ትራፊውን ኩሬ ውስጥ ደፍቶ የጎረቤታችን የቢንዱባላ ዳክዬዎች ሮዝ ሆነው ከረሙ።

ረቡዕ፣ ፋልጉን 5
የአማቴ የእማማ የሱፓሪ መቁረጫ ጠፋ። ያለ እሱ ጠንካራው የሱፓሪ ፍሬ አይከረከም፤ ፍሬው ካልተከረከመ በቅጠል ጠቅልሎ ፓን ማኘክ የለም።
“ሙሽሪት! መቁረጫዬን አየሽ?”
ካገባሁ ሃያ ስድስት ዓመቴ፣ ዛሬም ሙሽሪት። አላየሁም አልኩ። እውነቴን ነው።

ሐሙስ፣ ፋልጉን 6
አይቻለሁ። ሰኞ ከደጃፉ የዛገ ብረት ስለቃቅም... ሚስማር፣ የበር ማጠፊያ፣ መቀስ የሚመስል ነገር... ወይኔ! ማሰሮው ውስጥ ነው።

ማክሰኞ፣ ፋልጉን 11
እማማ ሱፓሪውን በበሩና በመቃኑ መሃል አድርጋ ልትሰብረው ሞከረች። የተሰነጠቀው በሩ ነው። ከዚያ በአጥሩ ላይ ቢንዱባላን በነገር ያዘቻት።
“ለዳክዬሽ ልትከትፊበት ሰረቅሽኝ!”
“ጥርስ የሌለሽ ሰው መቁረጫ ምን ያደርግልሻል?”
“ጥርስ ስለሌለኝ እኮ ነው መቁረጫ የምፈልገው!”
እኔ ክር አጠነጥናለሁ። ማሰሮው የግቢው ጥግ ፀሐይ ላይ ይንተከተካል... የሚስቅብኝ ይመስላል።

አርብ፣ ፋልጉን 14
ማሰሮው ሸተተ። ኒታይ፣ “አይጥ ሞቷል” ብሎ አልጋ ሥር ገባ። አይጥስ አገኘ። ግን በሕይወት ያለ።

ሰኞ፣ ፋልጉን 17
እማማ ነገ ሽማግሌ ጠርታ ቢንዱባላን ልታስፈትሽ ነው። ምስኪኗ ምን አደረገች? ሦስት ቀን ብቻ ነበር የቀረኝ...
“እማማ፣ መቁረጫው ማሰሮው ውስጥ ነው። እኔ ነኝ የከተትኩት።”
“ክፈቺው!”
“ከተከፈተ ይበላሻል።”
“ማን ነው ያለው?”
“የፈንዲሻው ወረቀት።”
እማማ በርጩማዋን ጎትታ ማሰሮው አጠገብ ተቀመጠች፣ በትሯን ይዛ። “የሚነካው ሰው ካለ ወዮለት።”

ሐሙስ፣ ፋልጉን 20
ተከፈተ። ሁላችንም አፍንጫችንን ይዘን። እማማ መቁረጫዋን አጥባ ወሰደች። ክሩን ስነክረው ግራጫ... ሳሰጣው ነፋስ ነካው፣ ጠቆረ፣ ጠቆረ፣ ቁራ ሆነ! ኒታይ ፓኬቶቹን ከመደርደሪያው አወረደ።

አርብ፣ ፋልጉን 21
ኢራቦቲ ክሩን በእርጥብ መሐረብ ፈተገችው። አልለቀቀም። ስድስት ሳሪ አዘዘች።
“ምን ጨመርሽበት?”
አፌን ሳልከፍት እማማ፣ “የኔን መቁረጫ!”
ቢንዱባላን ይቅርታ አልጠየቀቻትም። ግን በአጥሩ ላይ አንድ ጭብጥ የተከረከመ ሱፓሪ አሻገረችላት።

አርብ፣ ፋልጉን 28
አዲስ ማሰሮ ዘጋሁ። የኒታይ ብስክሌት የብረት መቆሚያው የለም፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እኔ አልወሰድኩም።
እማማ ሰማይ ሰማይ እያየች ታኝካለች።