የማስተር ንቲም ፒካፕ

ውድ ማስተር ንቲም፣

ጤናዎ እንደምን ነው? እኛ ሱዋሜ ጋራዥ ሠፈር ደህና ነን። አቧራው ያው ነው፣ መዶሻው ያው ነው፣ በያጁ ጎረቤታችን ሰርፖንግም ያው ነው፤ እየበየደ ያወራል፣ እያወራ ይበይዳል። የምጽፍልዎ ግን ስለ እሱ አይደለም። ፒካፕዎ ተነሥታለች! ያቺው የጋራዡ አጥር ሥር ቆማ ዶሮ ሲፈለፍልባት የከረመችው 404 ፔጆዎ። ሌላ ሞተር አስገብቼላታለሁ።

ሌላም የምነግርዎ ነገር አለ። እሱን በአንድ ትንፋሽ መናገር አቅቶኛልና ዙሪያውን ዞሬ እንድመጣ ይፍቀዱልኝ።

ሞተሩ ከተጋጨ የቶዮታ ሚኒባስ የወጣ ናፍጣ ነው። ካካዎዎን ለማስጫን የሰው መኪና ከሚለማመጡ በራስዎ ፒካፕ ቢጭኑ ብዬ ነው የጀመርኩት። የድሮዋ ሞተር አጭር ነበረች፤ ይሄኛው ረጅምም ከባድም ነው። መጀመሪያ ስናወርደው የዘይት መያዣው ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ብረት ላይ ቁጭ አለ። ሰርፖንግ «ቁረጪውና እንገላገል» አለኝ። እርስዎ ደግሞ «ሻንሲ አጥንት ነው፤ አጥንት አይቆረጥም» ይሉ ነበር። አልቆረጥኩም። ሞተሩን አራት ጣት ወደ ኋላ ስቤ የጋቢናውን ግድግዳ በመዶሻ ወደ ውስጥ ገፋሁት። ከሥሩ የሚገባውን ላስቲክ ከጭነት መኪና ጎማ ቆርጬ ሠራሁ። አሁን የተሳፋሪው እግር ትንሽ ይጠብበዋል፤ ባለቤትዎ ማሜ ብራጎ ይታገሡኛል ብዬ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሞተሩ በሰንሰለት እንደተንጠለጠለ ጠመኔዬን ይዤ ጎንበስ አልኩ። የሞተሩ ብሎኖች የሚገቡበትን ቦታ አሰመርኩ። ከዚያ በትራፓኖ መብሳት ብቻ ነበር የቀረኝ፤ እጄ ግን እምቢ አለ።

«ምን ሆነሻል? ሰንሰለቱ እኮ የሠርግ ጌጥ አይደለም» አለ ሰርፖንግ።

«ልለካው ነው።»

«ካሰመርሽ በኋላ? በንቲም ጋራዥ? ማስተር ያሰመረውን ደግሞ ማን ይለካል!»

መቀለዱ ነበር። እርስዎ አላወጡትም እንጂ ሕጋችን እሱ ነበር፤ የማስተርን መስመር ዳግም መለካት ማስተሩን እንደ መስደብ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሣኝም ይሄው ሕግ ነው። እዚያው ዘይት የፈሰሰበት መሬት ላይ ተቀመጥኩና አሁን ለእርስዎ የምነግርዎትን ለሰርፖንግም በጋራዥ ረድፋችን ላሉ መካኒኮችም ነገርኳቸው።

የዚያን የሙዝ ነጋዴ መኪና መቼም አይረሱትም። ዓርብ ዕለት የሞተሩን ቦታ በጠመኔ አስምረው፣ ለቀብር ጥቁርዎን ሊለብሱ ወደ ቤት ሄዱ። እኔን ሻንሲውን እንዳጸዳ አዘዙኝ። በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅ ይዤ ከጎረቤት ጋር ስሳሳቅ መስመርዎን ጠርጌ አጠፋሁት። ክው አልኩ። ከተለማማጅነት ነፃ ልወጣ ሦስት ሳምንት ነበር የቀረኝ። «ማስተር ይቆጣሉ፣ ምረቃዬን ያስተላልፉታል» ብዬ ጠመኔ አነሣሁና በግምት አሰመርኩት። ሰኞ መጡ። የራስዎ መስመር መስሎዎት ሳይለኩ በሱት። ሞተሩ ሁለት ጣት ተንጋድዶ ተቀመጠ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ኦፊንሶ መንገድ ላይ ሞተሩ ከመቀመጫው ተነቀለ፤ የሚቀቀለው ሙዝ ሁሉ አስፋልቱ ላይ ተዘራ። ሰው ስላልተጎዳ እግዜር ይመስገን። ባለ መኪናው በረድፉ ሁሉ ፊት «ሽማግሌ፣ ዓይንህ ሞቷል! ቤትህ ግባ!» ብሎ ሲጮኽብዎ እኔ ከኋላዎ ቆሜ ነበር። ዞር ብለው አዩኝና በቀስታ «እውነቱን ነው፣ ዱፊ። መስመሩ ጠማማ ነው» አሉኝ። አፌን አልከፈትኩም። ሰው ሁሉ «ሴት ደግሞ ምን መካኒክ ይወጣታል?» ሲል «ብሎኑ የሚፈታውን እጅ ወንድ ነህ ሴት ብሎ አይጠይቅም» ብለው የተቀበሉኝ እርስዎ ነበሩ። እኔ ግን ፈራሁ፤ ከዚያም አፈርኩ፤ ከዚያም ጊዜው አለፈ። በምረቃዬ ዕለት እንደ ወጉ ራሴ ላይ ፓውደር ነስንሰው መረቁኝ፤ የጋራዡን ቁልፍ በእጄ አስጨብጠውኝ፣ ሥራውን ትተው ወደ ቴፓ፣ ወደ ካካዎ እርሻዎ ሄዱ። እንደዚያ ቀን ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም።

ሰርፖንግ ሰምቶ ሲጨርስ የብየዳ መነጽሩን አወለቀ። «ሁለት ዓመት በሰውዬው ዓይን ስቀልድ ኖሬ!» አለ። ከዚያ ጠመኔዬን ከመሬት አንሥቶ ሰጠኝ። «ተነሺና ለኪ» አለኝ። «ማታ ደግሞ ቁጭ ብለሽ ጻፊ።»

ለካሁ። ግማሽ ጣት ስቼ ነበር። አጠፋሁ፣ አሰመርኩ፣ እንደገና ለካሁ፣ በሳሁ። ሐሳባቸውን የሚሰጡ ስድስት ሰዎች ከላዬ ቆመው ነበር፤ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያግዝም። አራቱም ብሎኖች ያለ መዶሻ ገቡ። ሞተሩ ሲነሣ ሳለብን፣ አጨሰብን፣ ከዚያ ረጋ። ሰርፖንግ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ከላዩ አስቀመጠበት። ውሃው ተንቀጠቀጠ እንጂ ጠብ አላለም። ረድፉ ሲያጨበጭብ እኔ አለቀስኩ።

ሐሙስ እመጣለሁ። ሐሙስ መሬት የምታርፍበት ቀን ስለሆነ እርሻ አይወርዱም፤ ቤት አገኝዎታለሁ። ሰርፖንግ አማላጅ ሆኖ ይቀድመኛል፤ እሱ ራሱ አማላጅ ቢፈልግም። የተዋረዱት በሰው ፊት ነውና እኔም የማወራው በመንደሩ ሰው ፊት ነው። ቢቆጡኝ ይገባኛል። ፊት ቢነሡኝም ፒካፗን ከደጅዎ አቁሜ በአውቶቡስ እመለሳለሁ። ይቅር ካሉኝ ግን እርስዎ እየነዱ አብረን እንመለስ። የጋራዡ ሰሌዳ ላይ ያለው ስም ዛሬም የእርስዎ ነው፤ እኔም አላስፋቅሁትም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ማሜ ብራጎ በስልክ እንደነገሩኝ፣ «ዓይኔ አይታመንም» ብለው ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ እንኳ በራስዎ አያነቡም። ይሄንንም እያነበቡልዎ ያሉት እሳቸው ይሆናሉ። እማማ፣ እባክዎ እዚህ ላይ ያቁሙ። ወረቀቱን ለማስተር ይስጡልኝ። የቀረችው ትንሽ ናት፤ እሷን ራሳቸው ያንብቧት።

ማስተር፣ ዓይንዎ አልሳተም። እርስዎ ያሰመሩት መስመር ቀጥ ያለ ነበር።

ተማሪዎ ዱፊ