ኮፈኑን ማን ይያዘው?

ረቡዕ፣ ጥር 13

ዛሬ የባሌ የጌታሁን ጭንቅላት ለትንሽ ተረፈ። ኮፍያው ግን አልተረፈም፤ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ ሆኖ በመኪናዋ ኮፈን ተነክሶ ቀረ።

የሰው ቀሚስ ስፌት ላይ አቀርቅሬ ሳለሁ "አንድ ጊዜ ነይና ያዥልኝ" አለኝ። የእሱ አንድ ጊዜ ማለቂያ የለውም። ከአባቱ የወረሳት ሰማያዊ መኪና ጣሊያን ሠራሽ ናት። ኮፈኗ እንደ ዛሬዎቹ ቀላል ቆርቆሮ አይደለም፣ የግቢ በር ያህል ይከብዳል። ከፍቶ የሚያቆመው ብረት ከተሰበረ ቆይቷል። "አሠራዋለሁ" ይላል። እስከዚያ ድረስ ድጋፉ እኔ ነኝ።

እጄ ሲዝል "ጌታሁን፣ ሊወድቅብኝ ነው!" አልኩት። ከአጥሩ ሥር አንድ ቀርከሃ አንስቶ ደገፈበትና "በይ ልቀቂው" አለኝ። ለቀቅኩት። ቀርከሃው ተንሸራተተ። ጓ! ጭንቅላቱን ያወጣው በዚያችው ቅጽበት ነው።

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በጣቶቼ ነው እንጀራ የምበላው። ጭንቅላቱንም ቢሆን ለምጄዋለሁ፣ ሌላ አልፈልግም።

እሑድ የእህቱን ልጅ ሰላምን ከዳንግላ አምጥተን እዚህ ቆሰበር ሙሽራው ቤት እናስገባለን። ሰላም ከልጅነቷ ጀምሮ "እኔ የምዳረው በጋሼ መኪና ነው" ስትል ኖራለች። እስከ እሑድ ያ ኮፈን ስንት ጊዜ ይከፈት ይሆን? በተከፈተ ቁጥር ልቤ ሊቆም ነው።

ሐሙስ

ከጓሮ ወፍራም እርጥብ ቀርከሃ ቆረጠ። ጫፉን መንታ አድርጎ ቀረጸውና የኮፈኑን ጠርዝ እንዲነክስ አደረገው። "ቆሰበር ተወልጄ፣ ቀርከሃ በደጄ ሞልቶ፣ ብረት ፍለጋ ልዙር?" ይላል። ወንበራችን ቀርከሃ፣ አጥራችን ቀርከሃ፣ የዶሮ ቤታችን ቀርከሃ፤ መኪናዋ ብቻ ለምን ይቅርባት። እውነቱን ለመናገር ጠዋቱን ሙሉ ቀጥ አድርጎ ያዘው። "ጎሽ" ብዬው ነበር።

ከሰዓት ሞተሩን ሊሞክር አስነሳው። የቀርከሃው እግር ያረፈው የሞተሩ ጭስ የሚወጣበት ቧንቧ ላይ ነው፤ ያ ቧንቧ ሲግል ደግሞ ከምድጃ አይተናነስም። መጀመሪያ የሚያር እንጨት ሸተተኝ። ከዚያ ጧ! አለ። ጎረቤት ተኩስ መስሎት በሩን ዘጋ። ኮፈኑ ወረደ። ደግነቱ ጌታሁን መሪው ጋ ተቀምጦ ነዳጅ ይረግጥ ነበር።

እርጥብ ቀርከሃ እሳት ሲያገኘው አንጓው ይፈነዳል። ይህን የማያውቅ የቆሰበር ሰው አለ? ልጆች ሆነን ሆን ብለን እሳት ውስጥ እየከተትን ስናፈነዳ፣ እናቶቻችን በዱላ ሲያባርሩን አይደል ያደግነው? እሱም ያውቃል። ቀርከሃው መኪና ውስጥ ሲገባ ሌላ ነገር የሚሆን መሰለው መሰለኝ!

ሮጬ ስወጣ እየሳቀ ከመኪናው ይወርዳል። ያን ጊዜ አለቀስኩ። "ያገባሁት አንተን ነው፣ እሷን አይደለም! አንተ ብትሞትብኝ ምን አደርጋታለሁ? ልሽጣት ብል እንኳ የሚገዛኝ የለም!" አልኩት። ሳቁን ተወ። ብረት ካልተሠራላት እሑድ በሚኒባስ ነው የምሄደው። የምሬን ነው።

ዓርብ

ተሳካ! መነኻሪያው አጠገብ ያለው በያጅ ዘንድ ወሰደኝ። ወሰድኩት ብል ይሻላል።

በያጁ ጥሩ ብረት ቆርጦ እግሩን ከመኪናዋ አካል ጋር በብሎን አሰረው፤ ከሚግለው ቧንቧ በተቃራኒ በኩል። ጫፉ ኮፈኑ ላይ ካለው ቀዳዳ ይገባል። "አለቀ" አለ። "ነፋስ ኮፈኑን ወደ ላይ ቢያነሳውስ? ብረቱ ከቀዳዳው ይወጣ የለም እንዴ?" ብዬ ጠየቅኩ። ሁለቱም ሳቁብኝ። ጌታሁን "ኮፈን ነው እኮ፣ ጃንጥላ አይደለም" አለ። በያጁ ደግሞ ለጓደኛው በአዊኛ "ልብስ ሰፊ መኪና ልትሰፋ መጣች" አለው። እኔ አዊኛ ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነው። በዚያው በአዊኛ መለስኩለት። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም፤ ሳቁ ግን ቆመ።

ከደረቴ ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅዬ አሳየሁት። ልብስ ስለካ እንኳ ያልተቆለፈ መርፌ አላምንም። በያጁ የብረቱን ጫፍ በስቶ፣ ከኮፈኑ እንዳይወጣ በብሱ የሚሰካ ማገቻ ሠራለት፤ እንዳይጠፋም በሽቦ አሰረው። ኮፈኑን ወደ ላይ ገፋሁት፣ ወደ ታች ተንጠለጠልኩበት። ንቅንቅ የለም! ጌታሁን ሰው አየን አላየን እያለ ዙሪያውን ይቃኛል።

ቅዳሜ

መብራት ጠዋት ጠፍቶ ከሰዓት መጣ። የሠርጉ ቀሚሶች አልቀዋል። የአንደኛዋ ሚዜ ወገብ ከተለካች ወዲህ ጨምሯል፣ እሱንም አስፍቼዋለሁ።

ጌታሁን ዘይት ሊያይ ሲከፍት በመስኮት ሰለልኩት። ብረቱን አቆመ፤ ማገቻውን ግን ተወው። "ለአንድ ደቂቃ ነው" አለኝ። ጭንቅላት ለመጨፍለቅ ደግሞ ስንት ደቂቃ ይፈልጋል? ምሳ በላን። በኋላ መጥቶ በር ላይ ቆመና "ሰክቼዋለሁ፣ ነይ እዪ" አለኝ። ሄጄ አየሁ። ተሰክቷል።

እሺ፣ ቤታችን ውስጥ ይሰካዋል። ነገ ያ ሁሉ ጎረምሳ ከቦት ቢቆምስ? ወንድ በወንድ ፊት ጥንቁቅ መባል ያፍራል። እሱን ነው የምፈራው።

እሑድ

ሙሽሪት ገባች። ሁላችንም ደህና ነን። እግሬ አብጧል፣ ድምፄ ተዘግቷል። ነገ እጽፈዋለሁ።

ሰኞ

ጠዋት ነው። ልጻፈው።

ወደ ዳንግላ ስንሄድ አንድም ነገር አልገጠመንም፤ መንገዱ ቁልቁለት ነው። ስንመለስ ነው ጉዱ። እኔና ጌታሁን ፊት፣ ሙሽሮቹ ከኋላ፣ ሚዜዎቹ በሚኒባስ ተከትለውን ጥሩንባውን እያስጮሁት። ዳገቱን ስንያያዝ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። ዳር ያዝን። ሚዜዎቹ ግር ብለው ወረዱ፣ ቪዲዮ የሚያነሳውም ካሜራውን ይዞ መጣ። አንዱ ረጅም ሚዜ ጌታሁንን ቀድሞ ኮፈኑን አነሳና "ጋሼ፣ እኔ እይዝልዎታለሁ፣ እርስዎ ሥራዎን ይሥሩ" አለ።

ምላሴን ነከስኩ። አንድ ቃል ብናገር በሰው ፊት አዋረድሽኝ ይለኛል፣ ከዚያ ጭራሽ አይሰካውም። ጌታሁን ጎንበስ ሊል አለና ቀና አለ። "ቆይ" አለ። ብረቱን አቆመ፣ ማገቻውን ሰካ፣ በእጁ ነካ ነካ አደረገው። ሚዜው "ኧረ ጋሼ፣ እኔን አላመኑኝም?" ብሎ ሳቀ። "እጅ ይዝላል" አለው። ጎሽ የኔ ጌታ! በሆዴ ነው ያልኩት።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅን። ልጁ እጁ ዝሎ ኮፈኑን ለቅቆ ከጓደኞቹ ጋር ያወራል። ጌታሁን የላላ የውኃ ቱቦ አግኝቶ ሊያጠብቅ እስከ ደረቱ ገባ። ያኔ ጭነት የሞላ ከባድ መኪና ከላይ እየተወረወረ መጥቶ አጠገባችን አለፈ። መኪናችን ተናወጠች። የሰላም ቬሎ በመስኮቱ በኩል ተውለበለበ። ኮፈኑ ብድግ አለ። እኔ ጮህኩ፣ ሚዜዎቹ ጮሁ። ብድግ ብሎ ማገቻው ጋ ሲደርስ ቀጭ! ብሎ ተያዘ፣ ተመልሶም ብረቱ ላይ ተቀመጠ።

ጌታሁን አንገቱን አወጣና "ምን ሆናችሁ ነው የምትጮሁት?" አለ። ቱቦውን አጥብቋል፣ ሌላ ነገር አያውቅም። ያ ሚዜ ፊቱ አመድ መስሎ በጣቱ ብቻ አሳየው። ማገቻው ጎብጧል፤ አልወጣም።

ጌታሁን አየው። ቀጥሎ እኔን አየኝ። ሄዶ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከተጋባን ጀምሮ በመንገድ ስንሄድ ወይ ይቀድመኛል ወይ ይከተለኛል፤ በሰው ፊት ጎን ለጎን መሄድ እንኳ ያፍራል። ትናንት ግን ያ ሁሉ ሚዜ ቆሞ፣ ካሜራው ፊት ለፊታችን ተደቅኖ፣ "እጄን ያዥኝ" አለኝ። ያዝኩት።

ሰላም በመስኮት ብቅ ብላ "ጋሼ፣ አይረፍድብንም?" አለችው።

"ይረፍድ" አላት፣ እጄን ሳይለቅ።