በልተን የጣልነው ማንጎ

ሰይዴ፣ የቤቴ አባወራ፣

በሞት ከተለየኸኝ ይኸው ሁለተኛው ማንጎ ደረሰ። ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ብቻ ተናድጃለሁ፤ ለማን ልንገረው ብዬ ላንተው ጻፍኩ።

አቦቦ ያለውን የጥጥ እርሻውን የሠራተኛ ሰፈራችንን ሊያፈርሱት ነው። እርሻው ከተዘጋ ስንት ዘመኑ፣ ዛሬ ትዝ አላቸው! ከጋምቤላ የመጡ ሰዎች በየበሩ ቀይ ቀለም ቀቡበት። ጊዜያዊ ካምፕ ነው፣ ነዋሪ የለውም ይላሉ። እኔ በሬ ላይ ቆሜ! ታዲያ ምን ነኝ፣ ጅኒ ነኝ?

ስንመጣ ቤቱ ሳር ክዳን ነበር። ማገሩን ምስጥ ሲጨርሰው የጠገንነው፣ ቆርቆሮ ያለበስነው እኛ ነን። በዚያች አንድ ክፍል አራት ልጅ አሳደግን። ግድግዳው ጣሪያው ድረስ ስለማይደርስ፣ ስንጨቃጨቅ ጎረቤታችን አሪየት ከወዲያ በኩል ትስል ነበር፤ ሰማኋችሁ ማለቷ ነው። አንተም ወዲያው ድምፅህን ዝቅ ታደርጋለህ። እሷን ስታፍር እኔን አታፍርም ነበር፣ አንተ ሰውዬ!

የእርሻው ዘበኛ፣ ደጃፍ ላይ ጎመን እንጂ ዛፍ አይተከልም ይል የነበረው ትዝ ይልሃል? ዛፍ የተከለ ሠራተኛ ቦታው የኔ ነው ይላል ብለው አለቆቹ ፈርተው ነው። አንተ ማንጎህን በልተህ ፍሬውን ደጅ ወረወርክ። በቅሎ ሲቆጡህ፣ መች ተከልኩ፣ በልቼ ጣልኩ እንጂ አልካቸው። ከዚያ ወዲያ የቤቱ መደዳ ሰው ሁሉ እየበላ መጣል ጀመረ። ቢነቅሉ ቢነቅሉ አልቻሉንም። ሳቅህ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፤ ናፍቀኸኛል፣ ሰይዴ።

ትናንት ቀለም የሚቀቡት ሰዎች ፀሐዩ ሲበረታባቸው የት ተጠለሉ መሰለህ? ማንጎህ ሥር! ነዋሪ የሌለው ሰፈር ጥላ ከየት አመጣ አልኳቸው። ምትክ ቦታ ካልሰጣችሁን ንቅንቅ አንልም ብዬ እቅጩን ነገርኳቸው። አለቃቸው መሬት መሬት እያየ ለበላይ አሳውቃለሁ አለ። እኔና አሪየት እዚያው ፊታቸው ቁጭ ብለን ማንጎ በላንና ፍሬውን እግራቸው ሥር ጣልነው።

ምን እንደሚመጣ አላህ ያውቃል። ግን አልረሳህም። ቤቱን ቢያፈርሱት እንኳ፣ በምደርስበት ደጅ ሁሉ በልቼ እጥላለሁ።

ባለቤትህ፣ ዘሐራ